የእስክንድርያ ፍርስራሽ በፎቶግራፍ

ስለ አለፈ ነገር የሚመሰክሩ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም አፍ፥ ጽሕፈትና ሥዕል ናቸው። አፍ የሰማውን ለልጅ ልጅ ያወርሳል፤ ነገር ግን ዘመን በረዘመ ቍጥር ይጨምርበታል ወይም ይቀንስበታል። ጽሕፈት የተጻፈውን ሳይለውጥ ይጠብቃል፤ ነገር ግን የጸሐፊው ልብ ወዳዘነበለበት ያዘነብላል። ከሥዕል ወገን ፎቶግራፍ የሚባለው ግን የሰው እጅ ሳይሥለው፥ ብርሃን ራሱ በቅመም በተቀባ ሰሌዳ ላይ የሚያትመው ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው «ይህስ አይዋሽም» ይለዋል። እውነት ነው፤ ፎቶግራፍ በፊቱ ያልነበረውን አያሳይም። ነገር ግን በፊቱ ከነበረው ውጭ ምን እንደ ቀረ አይናገርም። ስለዚህ ምስክር ሁሉ እንደሚመረመር ፎቶግራፍም ሊመረመር ይገባዋል። ይህንንም ለመረዳት በ1874 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1882) የእንግሊዝ መርከቦች እስክንድርያን በመድፍ ከደበደቡ በኋላ የተነሡት ሥዕሎች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት የፈረንጆች ካልተባሉ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

እስክንድርያ በግብጽ አገር በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። የቈረቈራት ታላቁ እስክንድር ስለ ሆነ በስሙ ተጠራች። ለኢትዮጵያ ሰው ስሟ እንግዳ አይደለም። ወንጌላዊው ማርቆስ የሰበከባት፥ ቅዱስ አትናቴዎስም በመንበሯ ሳለ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከባት ከተማ ናት። ከዚያ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስዋን ከራስዋ ልጆች መካከል እስካገኘችበት እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ፥ ጳጳሳት የሚመጡት ከእስክንድርያው መንበር ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አራት ጳጳሳት ከግብጽ ያስመጡት ይህ ጥፋት ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

የጥፋቱ ሥር ዕዳ ነው። «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ከዕዳው መጀመር ይገባል። ግብጽን ይገዛ የነበረው ከዲቭ እስማኤል አገሩን በአጭር ጊዜ እንደ አውሮፓ ለማድረግ ተመኘ። የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፥ ቤተ መንግሥት ሠራ፤ በ1862 ዓ.ም. የተከፈተውም የስዌዝ ቦይ ብዙ ገንዘብ አስወጣው። ይህን ሁሉ ያደረገው ከአውሮፓ ባለ ገንዘቦች በከፍተኛ ወለድ እየተበደረ ነው። ደግሞ በዚህ ላይ የኢትዮጵያን አገር ለመያዝ ጦር ላከ፤ ነገር ግን ጦሩ በ1868 ዓ.ም. በጕንደትና በጕራዕ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ሆነ፤ ኪሳራውም ከዕዳው ላይ ተጨመረ። በዚያው ዓመት እስማኤል በስዌዝ ቦይ የነበረውን ድርሻ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። ይህም አልበቃም። በሬውን አስይዞ የተበደረ ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል በሬውን ቢሸጥ በምን ያርሳል? የግብጽም ነገር እንዲህ ሆነ። እንግሊዝና ፈረንሳይ «ገንዘባችንን እንጠብቃለን» ብለው ሰዎቻቸውን በግብጽ ግምጃ ቤት ላይ አስቀመጡ፤ በ1871 ዓ.ም. ደግሞ እስማኤል ከሥልጣኑ እንዲወርድ አደረጉና ልጁ ተውፊቅ በእርሱ ፈንታ ተሾመ።

ለዕዳው ሲባል በገበሬው ላይ ግብር ጸና፤ የወታደሩ ደመወዝ ተጓደለ፥ ብዙውም ከሥራ ተሰናበተ። በሠራዊቱም ውስጥ ከፍ ያለው ሹመት ለቱርክና ለሰርካስ ወገኖች ይሰጥ ስለ ነበረ የአገሩ ተወላጆች አዘኑ። ከእነርሱም መካከል የገበሬ ልጅ የሆነ አሕመድ ዑራቢ የሚባል ኰሎኔል ነበረ። ይህ ሰው በኢትዮጵያው ዘመቻ ጊዜ በስንቅና በመንገድ ሥራ ላይ ተመድቦ፥ የግብጽ ጦር በማያውቀው አገር እንዴት እንደ ጠፋ በቅርብ ያየ ነው። በ1873 ዓ.ም. መጨረሻ ዑራቢ ወታደሮቹን አስከትሎ በካይሮ ቤተ መንግሥት ፊት ቆመና አቤቱታውን ለከዲቩ አቀረበ። «ግብጽ ለግብጻውያን» የሚለውም ቃል በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1874 ዓ.ም. ዑራቢ የጦር ሚኒስትር ሆነ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ይህን ባዩ ጊዜ የጦር መርከቦቻቸውን ወደ እስክንድርያ ላኩ። ሰኔ 5 ቀን 1874 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ በአገሬው ሰውና በፈረንጆች መካከል ጠብ ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። ግብጾች በባሕሩ ዳር ያሉትን ምሽጎች ማጠናከር ጀመሩ። የእንግሊዙ አድሚራል ሲሙር «ምሽጎቹን ካላስረከባችሁኝ እተኵሳለሁ» ሲል አስታወቀ። የፈረንሳይ መርከቦች በዚህ ነገር ላለመግባት ወደቡን ትተው ሄዱ፤ የእንግሊዝ መርከቦች ብቻቸውን ቀሩ።

ሐምሌ 5 ቀን 1874 ዓ.ም. ማክሰኞ፥ የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ነበረ። ጾመ ሐዋርያትን ጾመው ለፈሰክ የደረሱት የግብጽ ክርስቲያኖች የዚያን ቀን ጧት የሰሙት የመድፍ ድምፅ ነው። ተኵሱ የተጀመረው ከጧቱ 1 ሰዓት ሲሆን እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ቈየ። ከባሕሩ ላይ 8 ታላላቅ ብረት ለበስ መርከቦችና 5 ትናንሽ የመድፍ ጀልባዎች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ኢንፍሌክሲብል የምትባለው መርከብ አራት መድፎች ነበሩባት፤ የእያንዳንዱ መድፍ ክብደት 81 ቶን፥ የአፉም ስፋት 40 ሳንቲሜትር ያህል ነበረ። በየብስ ያሉት የግብጽ መድፈኞች ግን አብዛኛው መድፋቸው አሮጌ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ቦታቸውን ሳይለቁ ቀኑን ሙሉ ተዋጉ፤ ጠላቶቻቸውም ጀግንነታቸውን መስክረውላቸዋል። ከእኩለ ቀን በኋላ አዳ በሚባለው ምሽግ ውስጥ የባሩድ ቤቱ ፈነዳ። ማታ ሲሆን ምሽጎቹ ዝም አሉ። ከምሽጎቹ በላይ አልፈው የሄዱ ጥይቶችም በከተማው ቤቶች ላይ ወደቁ።

በማግሥቱ ግብጾች ነጭ ባንዲራ ሰቀሉ፤ የዑራቢም ጦር ከተማውን ለቆ ወጣ። ሕዝቡ ልጁን አዝሎ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ገጠር ሸሸ። በዚያው ቀን እሳት ተነሣ፤ ዝርፊያም ተጨመረበት። ፈረንጆች የሚኖሩበትና የሚነግዱበት የከተማው መካከል ለብዙ ቀን ነደደ። የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ የብስ ወርደው ከተማውን የያዙት እሳቱ ሳይጠፋ ነው።

ፎቶግራፎቹ የተነሡት ከዚህ በኋላ ነው። ካነሡትም ሰዎች ስሙ የታወቀው በእስክንድርያ ተቀምጦ በፎቶግራፍ ሥራ የሚኖር ልዊጂ ፊዮሪሎ የሚባል ኢጣሊያዊ ነው። ይህ ሰው መሣሪያውን ተሸክሞ ከምሽግ ወደ ምሽግ፥ ከመንገድ ወደ መንገድ እየዞረ ፍርስራሹን አነሣ፤ ከሥዕሎቹም 50 ያህሉን «የእስክንድርያ መታሰቢያ፥ ፍርስራሽ» በሚል ስም በአንድ አልበም አሰባሰበ።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሥራ አልነበረም። ሣጥን የሚያህለው መሣሪያ በሦስት እግር ላይ ይቆማል። በውስጡ ከብር በተሠራ ቅመም የተቀባ የመስተዋት ሰሌዳ ይገባል። ቅመሙ ብርሃን ሲያገኘው ይለወጣል፤ ብዙ ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠቍራል፥ ጥላ የነበረበትም ሳይጠቍር ይቀራል። ስለዚህ በመስተዋቱ ላይ ያለው ሥዕል የተገለበጠ ነው፤ ሰማዩ ጥቍር፥ ጥላው ነጭ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የእንቍላል ነጭና የብር ቅመም በተቀባ ወረቀት ላይ መስተዋቱን አኑረው ለፀሐይ ሲሰጡት፥ ብርሃኑና ጥላው በየቦታው ተመልሶ እውነተኛው መልክ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ብርሃን ከደከመ የመሣሪያው ዓይን ብዙ ጊዜ ተከፍቶ መቈየት ነበረበት። በዚያም ጊዜ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሚሄድ ሰው ግን እንደ ጢስ ደብዝዞ ይቀራል፥ ወይም ከናካቴው አይታይም። ግድግዳ ይቆማል፥ ሰው ያልፋል፤ መሣሪያውም የቆመውን እንጂ ያለፈውን አይዝም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የፍርስራሹን ሥዕሎች የሚያይ ሰው ከተማይቱ ከጥንት ጀምሮ ሰው ያልኖረባት ምድረ በዳ መስላ ልትታየው ትችላለች።

አሁን በሥዕሎቹ ላይ የሚታየውን በሦስት ከፍሎ መመልከት ይቻላል።

መጀመሪያ ምሽጎቹ ናቸው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ታላላቅ መድፎች ከመንኰራኵራቸው ወድቀው፥ አፋቸው ወደ ሰማይ ወይም ወደ ምድር ዞሮ ይታያሉ። ግንቡ ተቦድሶ ድንጋዩ በመድፎቹ ዙሪያ ተከምሯል። በጥንት ዘመን የታወቀው የመብራት ግንብ በነበረበት ቦታ ሱልጣን ቃይትባይ ያሠራው ምሽግም በዚያን ቀን ተመትቷል፤ በውስጡ የነበረው የመስጊድ ሚናሬት ፈርሷል።

ሁለተኛው የከተማው ታላቅ አደባባይ ነው። ይህ አደባባይ የቆንስሎች አደባባይ ይባል ነበረ። በዙሪያው የነበሩት ሦስትና አራት ፎቅ ቤቶች ጣራቸው ወድቆ፥ ወለላቸው ተቃጥሎ፥ ግድግዳቸው ብቻ ቀርቷል፤ በመስኮቶቹም ቀዳዳ በስተኋላ ያለው ሰማይ ይታያል። በመካከሉ ግን የመሐመድ ዐሊ የነሐስ ሐውልት በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ አንዳች ሳይነካው ቆሟል። መሐመድ ዐሊ ለተውፊቅ ቅድመ አያቱ ነው፤ ግብጽን ያበረታ፥ ሠራዊትዋንና መርከቦችዋን ያደራጀ እርሱ ነበረ። ሐውልቱን ያዩ ሁሉ፥ ያበረታው አገር በዙሪያው ፈርሶ ሳለ እርሱ ወደ ፊት እንደሚጋልብ ሆኖ መቆሙን አደነቁ።

ሦስተኛው መንገዶቹ ናቸው። የንግድ ቤቶች የነበሩባቸው መንገዶች በወደቀ ድንጋይ ተዘግተው፥ በመካከሉ ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ተጠርጎ ይታያል።

እንግዲህ የሚታየው ይህ ነው። የማይታየውስ ምንድር ነው?

አንደኛ፥ የሞቱት ሰዎች አይታዩም። ፎቶግራፍ አንሺው ሲደርስ አብዛኛው ሬሳ ተነሥቶ ነበረ። በምሽጎቹ ውስጥ የሞቱት ግብጻውያን መድፈኞች ቍጥር እስከ ዛሬ ድረስ ታሪክ ጸሐፊዎች የተስማሙበት አይደለም። የወደቀው መድፍ በሥዕል ቀርቷል፤ መድፉን ይተኵስ የነበረው ሰው ግን ስሙም መልኩም ቀርቷል።

ሁለተኛ፥ መርከቦቹ አይታዩም። ተመልካቹ የሚያየው የተመታውን እንጂ የመታውን አይደለም። ስለዚህ ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ጥፋት እንደ ምድር መንቀጥቀጥ ያለ፥ ባለቤት የሌለው መቅሠፍት አድርጎ ሊያስበው ይችላል።

ሦስተኛ፥ እሳቱን የለኰሰው አይታይም። ይህም ከሁሉ የበለጠ ነገር ነው። እንግሊዞች «ከተማውን ያቃጠሉት የዑራቢ ወታደሮችና ዘራፊዎች ናቸው» አሉ። ሌሎች ደግሞ «እሳቱን ያስነሣው ከመርከቦቹ የተተኰሰው ጥይት ነው» አሉ። በዚህ ነገር ሱሌማን ሳሚ የሚባል የግብጽ ጦር አለቃ «ከተማውን እንዲቃጠል ያዘዘ እርሱ ነው» ተብሎ ተፈረደበትና በ1875 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። የተቃጠለው ግድግዳ ግን በጥይት ይሁን በችቦ መያያዙን አይናገርም፤ ጥላሸቱ አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ሥዕል ይዞ አንደኛው «ዐመፀኞች ያደረጉትን እዩ» ሊል፥ ሌላው «መድፍ ያደረገውን እዩ» ሊል ይችላል። ሥዕሉ ሁለቱንም አይቃወምም። ለዚህ ነው ሥዕል ያለ ታሪክ፥ ታሪክም ያለ ምርመራ ለፍርድ የማይበቃው፤ በዚህ ነገር የሰው ነፍስ ጠፍቶበታልና።

ከድብደባው በኋላ የሆነውም ሊታወቅ ይገባል። መስከረም 4 ቀን 1875 ዓ.ም. በቴል ኤል ከቢር የዑራቢ ጦር በእንግሊዞች ድል ሆነ። ዑራቢም ተማርኮ ተፈረደበትና ሴሎን ወደምትባለው ደሴት ተጋዘ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በፈረንጆች 1901 ሲሆን፥ በ1911 ሞተ። በከተማው ውስጥ ንብረታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ካሣ እንዲከፈል ተወሰነ፤ ከፋዩም የግብጽ ግምጃ ቤት ሆነ። በዕዳ ምክንያት የተደበደበ አገር ስለ ተደበደበበት ደግሞ ሌላ ዕዳ ገባ ማለት ነው። እንግሊዞች «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብለው የገቡበትን አገር ወታደሮቻቸው በስምምነት ለቀው የወጡት በ1948 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ70 ዓመት በላይ ከቈዩ በኋላ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ተርፏል። የግብጽ ኃይል ከተሰበረ በኋላ በሱዳን የመሐዲ ተከታዮች የግብጽን ጦር ከበቡ። እንግሊዞች የተከበበውን ጦር ለማውጣት የዐፄ ዮሐንስን ርዳታ ፈልገው አድሚራል ሂዌትን ላኩ፤ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በዐድዋ ውል ተዋዋሉ። በዚህ ውል የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ እንዲመለስ፥ በምጽዋም ወደብ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስፋ ተሰጠ። ኢትዮጵያ የተከበቡትን በማስወጣት የውሉን ፈጸመች። ነገር ግን ገና ዓመት ሳይሞላ፥ ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም.፥ ኢጣሊያኖች በእንግሊዞች ፈቃድ ምጽዋን ያዙ። ከዚያም የመጣውን መከራ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ በእስክንድርያ ሥዕል ላይ የሚታየው የወደቀ መድፍ ሩቅ አገር ያለ ነገር ቢመስልም፥ መዘዙ እስከ ምጽዋ ደርሷል።

በኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎች አሉ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው መጥተው ነበረ፤ የመቅደላን አምባና የመንገዱን አገር ያነሡት የሠራዊቱ መሐንዲሶች ናቸው። ከዚያ በኋላ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ኢጣሊያኖች በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ያልታጠቀውን ሕዝብ ፈጁ፤ ቤቱንም ከነሰዉ አቃጠሉ። በዚያ ዘመን ስለ ተደረገው ግፍ ከቀሩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹን ያነሡት ኢጣሊያኖች ራሳቸው ናቸው፤ እንደ ጀብዱ መታሰቢያ ቈጥረዋቸው ነበረ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ፎቶግራፎችን ከሌላው ማስረጃ ጋር ሰብስቦ፥ ስለ ጦር ወንጀል ለተቋቋመው ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሲዮን አቀረበ። ለመኵራራት የተነሣው ሥዕል በአንሺው ላይ ምስክር ሆነበት። ይሁን እንጂ ግራዚያኒ በኢጣሊያ አገር የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ መተባበሩ ነው እንጂ በኢትዮጵያ ስለ ሠራው ግፍ አልነበረም። ምስክር መኖሩ ብቻውን ፍርድን አያመጣም፤ ምስክሩን የሚሰማ ዳኛ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ተማሪ የድሮ ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ አምስት ነገር ይጠይቅ። ማን አነሣው? የት ቆሞ አነሣው? መቼ አነሣው፥ ከነገሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለማን ሊያሳይ አነሣው? ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭስ ምን ቀረ? የእስክንድርያን ሥዕሎች በእነዚህ ጥያቄዎች የመረመረ ሰው፥ ያነሣው አውሮፓዊ እንደ ነበረ፥ ያነሣውም አሸናፊው ከተማውን ከያዘ በኋላ እንደ ሆነ፥ ከጠርዙም ውጭ የቀሩት መርከቦቹ፥ የሞቱትና የተሰደዱት እንደ ሆኑ ይረዳል። እንዲህ ሲሆን ፎቶግራፉ ዋጋው አይቀንስም፤ እንዲያውም ይበዛል፤ ዝምታውም ራሱ ይናገራልና።

በየመንደሩ ደግሞ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም በሣጥን የተቀመጠ የአያት ፎቶግራፍ አይታጣም። በብዙው ላይ ስምም ቀንም አልተጻፈበትም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ሥዕሉ ባለቤት የሌለው መልክ ሆኖ ይቀራል። ተማሪው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ፥ የሰውየውን ስም፥ የተነሣበትን ቦታና ዘመን በሥዕሉ ጀርባ በእርሳስ በቀስታ ይጻፍበት። በእስክንድርያ ምሽግ መድፉ ሥር ለሞተው ሰው ይህን ያደረገለት አልነበረም። «የወጋ ቢረሳ፥ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ ነገር ግን የተወጋውም ካልጻፈው ልጆቹ ይረሱታል።